ለእንግዳ የተነጠፈው ፍራሼ

ወገቡን አሞት የማያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ሳያነበው ቢያልፍ አልቀየምም። እኔም ጤነኛ ሳለሁ ስለ ወገቡ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ሰዓቴን ነበር የማየው። የምጽፈው ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ከማለቱ በፊት ቆም ብሎ ለሚያስበው፣ ማስነጠስ በመጣበት ቁጥር የሚደገፈው ግድግዳ ለሚፈልግ ሰው ነው። ከስህተቶቼ አንዱን እንኳ ሳይደግመው ቢቀር ይበቃኛል። ትልቁን ስህተቴን ግን ብዙ ሰው ስህተት አይለውም፤ ጨዋነት ነው የሚለው። እሱን ቆይቼ እደርስበታለሁ።

አስቴር እባላለሁ። ሶዶ ከተማ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለቤቴ ማቴዎስ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሩት የምትባል አንድ ልጅ አለችን። ሕመሙ የጀመረኝ ክፍል ውስጥ ነው። የቤት ሥራ ልጽፍ ወደ ሰሌዳው ግርጌ ጎንበስ እንዳልኩ ከወገቤ በስተግራ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ትንሽ ቆየሁና ጽፌ ጨረስኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕመሙ በታፋዬ በኩል አልፎ እስከ ተረከዜ ወረደ። ከዚያ ወዲያ የምጽፈው በሰሌዳው ላይኛ ግማሽ ብቻ ሆነ። አንዷ ተማሪዬ አንድ ቀን እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ታችኛው ሰሌዳ ተበላሽቷል እንዴ?» አለችኝ። «አዎ፣ ተበላሽቷል» አልኳትና ትምህርቴን ቀጠልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ኩላሊት ነው አለኝ። ሽንቴን መረመሩ፣ ክኒን ሰጡኝ፣ ውኃ በብዛት ጠጪ ተባልኩ። የእኛ ቤት ሽንት ቤት ከጓሮ ነው፤ ውኃ በብዛት የጠጣ ሰው ስንት ጊዜ ከመቀመጫው እንደሚነሳ አስቡት። ያን ጊዜ ለእኔ ከመቀመጫ መነሳት ማለት ተራራ መውጣት ነበር። ሁለተኛው ክሊኒክ ደም ወስዶ ታይፎይድ አለኝ። ትኩሳት የለኝም ብላቸው፣ «አንዳንዴ ያለ ትኩሳትም ይመጣል» አሉኝና መርፌ አዘዙልኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ብርድ ነው ብለው ደመደሙ፤ ሲሚንቶ ላይ ቆመሽ እየዋልሽ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል አሉ። የጸሎት ቡድናችን መጥቶ ጸለየልኝ። ጸሎቱ ልቤን አሳረፈው፤ እግሬ ግን እንደ ነዘረኝ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። እሳቸው ቅቤ ቀብተው ወገቤን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም። ብነካሽ እጎዳሻለሁ፤ ሆስፒታል ሂጂ» አሉኝ። የሰጠኋቸውንም አልቀበል አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አላውቅም ለማለት የደፈሩ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

የሆስፒታሉን ተራ መጠበቂያ አልረሳውም። ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ፤ ግን አራታችን ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል። አንዷ ነርስ መጥታ፣ «ወንበር እያለ ለምን ትቆማላችሁ? ቁጭ በሉ እንጂ» አለችን። ከሁምቦ የመጡ ከዘራ የያዙ አባት፣ «መቀመጥ ብንችል ኖሮ እዚህ ምን ሊያመጣን?» አሏት። አራታችንም ሳቅን፤ መሳቁም ስላመመን እያቃሰትን ሳቅን። እኚያ አባት ተራቸው ሲደርስ ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህርቷ ትግባ፤ እኔ ከሰዓት በፊት ወደ ሁምቦ የሚሄድ መኪና አላገኝም» ብለው አሳለፉኝ። ምክንያቱ ውሸት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐኪሙ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። እግሬን ቀጥ አድርጎ ሲያነሳው ጮህኩ። ለኤም አር አይ ወደ ሐዋሳ ላከኝ፤ ለወጥ ቤታችን ጣሪያ የታሰበው የቆርቆሮ ገንዘብ እዚያ ላይ አለቀ። ውጤቱን ይዤ ስመለስ በወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ትራስ የሚመስል ነገር አለ፣ ዲስክ ይባላል፣ የእኔ አንዱ ወጣ ብሎ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል።

«ሦስት ወር እንሞክራለን» አለኝ። «መድኃኒት ትወስጃለሽ፣ ፊዚዮቴራፒ ትሠሪያለሽ፣ መኝታሽን ታስተካክያለሽ። ካልተሻለሽ ግን ለቀዶ ሕክምና እልክሻለሁ።»

ቀዶ ሕክምና የሚለውን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ደነቆረ። እናቴ ለቀዶ ሕክምና እየተራመደች ገብታ አልተመለሰችም። እኔ ያኔ የሩት ዕድሜ ላይ ነበርኩ፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ነጠላዋን አቅፌ ስጠብቃት ነው የነገሩኝ። ሐኪሙ የዛሬው እንደ ድሮው እንዳልሆነ ነግሮኛል፤ እውነቱን ነው። ፍርሃት ግን ሰው ስላስረዳው አይሄድም። ያን ቀን ለራሴ የተናገርኩት አንድ ነገር ነው፤ እነዚህን ሦስት ወራት አላባክናቸውም አልኩ።

«በምን ላይ ነው የምትተኚው?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ አፈርኩ። በሠርጋችን ጊዜ የተገዛው የስፖንጅ ፍራሽ መሐሉ ጎድጉዶ ማቴዎስና እኔ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ጉድጓዱ ነበር የምንንከባለለው። ሰው ሁሉ «ለወገብ ደረቅ ነገር ነው» ስላለኝ ደግሞ ከጥቂት ወራት ወዲህ መሬት ላይ ነበርኩ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ጉድጓዱም መሬቱም አይሆንሽም። ሰውነትሽን የሚደግፍ፣ ትከሻሽንና ዳሌሽን የማይጫን መካከለኛ ፈልጊ» አለኝ።

ፍራሽ መምረጥ ቀላል ይመስለኝ ነበር። የሄድኩት ጋሽ ወልዴ ሱቅ ነው። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የከተሙ ናቸው፤ እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሸጡ የኖሩት ፍራሽና ብርድ ልብስ ነው።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለራሴ ነው ጋሽ ወልዴ። ወገቤን ያመኛል።»

«እንግዲያውስ ተኚበትና እዪው።»

«እዚህ?»

«ጫማ ሳትለኪ ትገዣለሽ እንዴ ቲቸር?»

የሱቁ ፊት ለፊት ክፍት ነው፤ የተማሪዎቼ ወላጆች በበሩ ይመላለሳሉ። አስተማሪያችን በጠራራ ፀሐይ ሱቅ ውስጥ ተጋድማ አየናት የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ይደርሳል። እግሬ አልነቃነቅ አለ። ይህን ያየች ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከመደርደሪያው አንድ አንሶላ አውርዳ በሁለት እጇ ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች። «ቶሎ ግቢ፤ ማንም አያይሽም» አለችኝ። ደንበኛ ሲመጣ አንሶላ የምታሳይ እየመሰለች አንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆመችልኝ።

የመጀመሪያው ባለ ስፕሪንግ ነበር፤ ስዞር ያወዛውዘኛል። ከዚያ ጋሽ ወልዴ፣ «ሜሞሪ ፎም የሚሉት ይሄ ነው» ብለው ሌላ ፍራሽ ላይ መዳፋቸውን ተጫኑ። እጃቸውን ሲያነሱት የመዳፋቸው ቅርጽ እዚያው ቀርቶ ቀስ እያለ ሞላ። የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ እንደሚለሰልስ፣ ትከሻና ዳሌ ገባ ሲሉለት ወገብን ከሥሩ እንደሚደግፍ ነገሩኝ። በጣም ወፍራሙ ላይ ስተኛ ደስ ከማለቱ የተነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። በጎኔ ልዞር ስል ግን ይዞ አልለቅ አለኝ።

«ይህ ይውጥሻል። ለአምስት ደቂቃ ነው የሚጥመው» አሉ ጋሽ ወልዴ ከአንሶላው ወዲያ ሆነው። «አሁን በጀርባሽ ሁኚና እጅሽን በወገብሽ ሥር አሳልፊ። እንደ ልቡ ካለፈ ፍራሹ ለአንቺ ደረቅ ነው፤ ጨርሶ እምቢ ካለ ለስላሳ ነው። እየታከከ ካለፈ የአንቺ ነው።»

ሦስተኛው ከታች ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ አራት ጣት ያህል ሜሞሪ ፎም ያለው ነበር። እጄ እየታከከ አለፈ። በጎኔ ተኛሁ፣ በሌላው ጎኔ ዞርኩ፣ አልያዘኝም። እዚያው እንዳለሁ እግሬን መንዘሩ ትንሽ ጋብ ሲልልኝ ዕንባዬ መጣ፤ እትዬ ዘነበች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ምንም እንዳልሰማች ሆነች።

ጋሽ ወልዴ ግን ወዲያው አልሸጡልኝም። «የአልጋሽ ርብራብ ደህና ነው?» ሲሉኝ ሁለቱ ጣውላ ተሰብሯል አልኳቸው። «እሱን ሳታሠሪ አትውሰጂው። የጎበጠ አልጋ ላይ ያነጠፍሽው ምንም ይሁን ምን ይጎብጣል» አሉኝ። አናጺ ጠርተን አሠርተን ስንመለስ ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። አንደኛ፣ ይሞቃል፤ ሶዶ ላይ ትችይዋለሽ፣ ሁምቦ ቆላ ብትሆኚ አልሸጥልሽም ነበር አሉ። ሁለተኛ፣ ፕላስቲኩን አውልቂ። «ሰው ንብረት እንዳይቆሽሽበት ብሎ ከነፕላስቲኩ ይተኛበታል፤ ከዚያ አሞቀኝ፣ አንሸራተተኝ ብሎ እኔን ይረግማል።»

ፍራሹ በጋሪ ቤታችን ሲገባ ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል መጣ። እያንዳንዱ መዳፉን ተጭኖ ቅርጹ ሲሞላ አየና ተደነቀ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች አልተመቹኝም፤ አዲስ ሽታ ነበረው፣ ሰውነቴም መሬት ለምዶ ነበር። በሦስተኛው ቀን በጎኔ ሆኜ ትራስ በጉልበቶቼ መሐል አደረግሁ። በአምስተኛው ጠዋት ግድግዳ ሳልይዝ ተነሳሁ። ወደ ጓሮ ሄጄ ፊቴን ታጥቤ እስክመለስ ድረስ ግድግዳ አለመያዜን ራሴም አላስተዋልኩም ነበር።

ስህተቴ የሚጀምረው በዚያው ሳምንት ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ ኮንፈረንስ ደረሰና እንግዶች ለየቤቱ ተከፋፈሉ። ለእኛ አንድ ወንጌላዊ ከነባለቤቱ ደረሱን። ማቴዎስ፣ «የት ይተኙ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ የመለስኩት፤ ማንም አላስገደደኝም። «በአዲሱ ፍራሽ ላይ ነዋ» አልኩት። በእኛ ቤት፣ በወላጆቼም ቤት፣ እንግዳ ሁለተኛ ደረጃ አልጋ ላይ ተኝቶ አያውቅም። የተሻለውን ለራስ አስቀርቶ እንግዳን ሶፋ ላይ ማስተኛት ስሙ ምን እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። እንዳይቆሽሽም ብዬ ያወለቅሁትን ፕላስቲክ መልሼ አልብሼ አንሶላ አነጠፍኩበት። ማቴዎስ ሶፋው ላይ፣ እኔ በሩት ክፍል መሬት ላይ ተኛን። አራት ሌሊት ብቻ ነው ብዬ ነበር።

እነሱ እንደሄዱ የማቴዎስ አጎት ከጉኑኖ ለሕክምና መጡና ዘጠኝ ቀን ቆዩ። ቀጥሎ የዘመድ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀና ወላጆቹ መጡ። ወደ አርባ ምንጭ የሚያልፍ ሰው አንድ ሌሊት እየተባለ ሁለት ያድራል። ሁሉም ጠዋት ሲነሱ፣ «አቤት እንቅልፍ! እንዲህ ያለ ፍራሽ አይተን አናውቅም» ይላሉ። ወሬው ጉኑኖ ድረስ ደረሰ። ከሁሉ ያቃጠለኝ የአጎትየው ነው፤ ከስንት ዓመት ጀምሮ ያማቸው የነበረው ጀርባቸው በእኛ ቤት ለቀቃቸው። እየደወሉ ይመርቁኛል፤ እኔ ደግሞ ስልኩን ቆሜ ነው የማነሳው፣ መቀመጥ ስለማልችል።

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ትዕግሥት የምትባል ወጣት ነበረች። በሆዴ ተኝቼ በክርኔ ቀና ማለት፣ ጉልበቴን ወደ ደረቴ መሳብ፣ በየቀኑ መራመድ፤ አንዱንም አላጓደልኩባትም። «ፍራሹስ እንዴት ነው?» ስትለኝ፣ «በጣም ጥሩ ነው» እላታለሁ። ውሸት አልነበረም፤ የተኙበት ሁሉ መስክረውለታል። እሷ ግን ለምን እንዳልተሻለኝ ግራ ገባት። ልምምዱን ቀየረች፣ ጨመረች፣ ቀነሰች። ጥፋቱ የእሷ መሰላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ በሽታዬን ሳይሆን መኝታዬን ነው የደበቅሁት፣ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ወር ሲያልቅ የግራ እግሬ አውራ ጣት ይደነዝዘኝ ጀመር። ሌሊት መሬት ላይ ሆኜ ጣቴን በሌላው እግሬ እየነካካሁ ይሰማኝ እንደሆነ እሞክራለሁ። ሩት አልጋዋ ላይ ስትተነፍስ እሰማለሁ። እኔ እናቴን ባጣሁበት ዕድሜ ላይ ነች እያልኩ አስባለሁ። ከሚቀጥለው ክፍል ደግሞ እንግዳው ያንኮራፋል። እውነቱን ልናገር፣ በእነዚያ ሌሊቶች እንግዶቼን ጠላኋቸው። ጠዋት ግን ቁርስ ሠርቼ ፈገግ እያልኩ፣ «ደህና አደራችሁ?» እላለሁ።

ከማቴዎስም ጋር ተነካከስን። አንድ ቀን ሐኪሙ የቀዶ ሕክምና መላኪያውን ሊጽፍልኝ እንደሆነ ስነግረው፣ «ያን ሁሉ ወጪ አውጥተን ፍራሹ ምንም አልሠራልሽም ማለት ነው» አለ።

«መቼ ተኝቼበት?» አልኩት።

«ማን ከለከለሽ?» አለኝ።

«ለዘመዶችህ አንተ ንገራቸዋ።»

«እኔ አጎቴን ከአልጋ ውረድ ልበል? አንቺ ንገሪያቸው።»

እሱም አልነገረ፤ እኔም አልነገርኩ። ሁለታችንም ይሉኝታ አንገታችንን ይዞን ለብዙ ቀን ሳንነጋገር ሰነበትን።

በዚህ መሐል የማቴዎስ እናት ከጉኑኖ ለዓይን ሕክምና መጡ። እማማ ነው የምላቸው። አማርኛ ቢሰሙም የሚናገሩት ወላይትኛ ነው፤ እዚህ የምጽፈውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ለአማትማ አልጋ መልቀቅ ምን ያጠያይቃል? ፕላስቲኩ ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፌ አስተኛኋቸው። ጠዋት፣ «ደህና አደሩ?» ስላቸው፣ «ጌታ ይባርክሽ ልጄ፣ እንደ ንጉሥ ነው ያደርኩት» አሉኝ።

በሦስተኛው ማለዳ ለጸሎት ቀድመው ተነሱ። የሩት ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። እኔ መሬት ላይ ነቅቼ የምነሳበትን ሥርዓት ጀምሬ ነበር፤ መጀመሪያ በጎኔ እዞራለሁ፣ ከዚያ በእጄና በጉልበቴ እንበረከካለሁ፣ ወንበር እይዛለሁ፣ ከወንበር ወደ ግድግዳ እሻገራለሁ። ግድግዳውን እንደያዝኩ ቀና ስል በሩ ላይ ቆመው እያዩኝ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደቆሙ አላውቅም።

ሳሎን ሄደው ልጃቸውን ከሶፋው ቀሰቀሱት። ማቴዎስ መሬት መሬቱን እያየ ሁሉንም ነገራቸው፤ ዲስኩን፣ ሐኪሙን፣ ፍራሹ ለምን እንደተገዛ፣ ማን ማን እንደተኛበት። እማማ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ሰው መድኃኒቱን ለእንግዳ ያጠጣል?» አሉኝ።

«እማማ፣ ነውር እንዳይሆን ብዬ እኮ ነው።»

«ነውሩስ ይሄ ነው። ሦስት ቀን የልጄን ሚስት መድኃኒት ስሰርቅ ሰነበትኩ። ሳታስታውቂኝ ሌባ አደረግሽኝ።»

ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው ቢላ ይዘው ወጡ። አንሶላውን ገፈፉና ፕላስቲኩን ከራስጌው እስከ ግርጌው ቀደዱት። ማቴዎስ ቁርጥራጩን ሰብስቦ አወጣ። ያን ቀን እማማ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ካልተኛሁ እህል እንደማይቀምሱ ስለማሉ በጠራራ ፀሐይ ገብቼ ተኛሁ። ቀጠሯቸውን ጨርሰው እስኪሄዱ ድረስ በየማታው መኝታ ቤት መግባቴን ያዩ ነበር።

ለትዕግሥት እውነቱን ነገርኳት። «ከስልሳ ሌሊት ስንቱን ተኛሽበት?» አለችኝ። በጣቴ ቆጥሬ አሥራ አንድ ስላት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ ራሷ ሐኪሙ ክፍል ድረስ ይዛኝ ሄደች። እሱም መላኪያውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠና ሌላ ሁለት ወር ጨመረልኝ።

መዳን ቶሎ መጣ ብዬ አልዋሻችሁም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ከዚያ አውራ ጣቴ መደንዘዙን ተወ። ቀጥሎ ከተረከዜ፣ ከዚያ ከባቴ ሕመሙ ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ ትዕግሥት ይህ ጥሩ ምልክት ነው አለችኝ። ፍራሹ ብቻውን አላዳነኝም። ልምምዱ አለ፣ መራመዱ አለ፣ ከባድ ባልዲ ማንሳት መተዉ አለ። ፍራሹ ያደረገልኝ በቀን የሠራሁትን ሌሊት እንዳላፈርሰው ነው። ዛሬም ብርድ ሲሆን፣ ብዙ ስቆምም ይሰማኛል። ግን አንድ ጠዋት ትዕግሥት እንዳሳየችኝ በአንድ ጉልበቴ ተንበርክኬ የቤት ሥራውን በሰሌዳው ግርጌ ጻፍኩ። ያቺ ተማሪዬ፣ «ቲቸር፣ ተሠራ?» አለችኝ። «እየተሠራ ነው» አልኳት።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሙ እግሬን ቀጥ አድርጎ አነሳው፤ አልጮህኩም። መሳቢያውን ከፍቶ መላኪያውን አወጣና ቀደደው። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ተቀምጬ ነው ያልኳችሁ፣ ልብ በሉልኝ።

ከዚያ መስከረም ገባና ጊፋታ ደረሰ። ጊፋታ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ሰንጋው ይታረዳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቤቱ እንግዳ ይሞላል። ሐኪሙ ነፃ ነሽ ብሎኝ ሳለ እንደገና ፈራሁ። ሰው ከወገብ ሕመም ሊድን ይችላል፤ ከይሉኝታ የሚያድን ክኒን ግን አላየሁም። በበዓሉ ዋዜማ አጎትየው መጡ። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ወደ መኝታ ቤቱ በር እያዩ፣ «ያ ፍራሽ አለ? ጀርባዬ እንደገና ጀምሮኛል» አሉ። ማቴዎስ እኔን አየኝ፤ ሩትም አየችኝ።

«አለ» አልኩ። «እኔ ነኝ የምተኛበት። ለሕመሜ ነው የተገዛው።»

ሰማይ አልተደፋም። «ውይ፣ አንቺንም ያምሻል እንዴ?» አሉኝ። «እኔማ ሶፋው መች አነሰኝ!» አሉና ቁጭ ብለው ስለ ጋሽ ወልዴ ሱቅ ይጠይቁኝ ጀመር። እጅን በወገብ ሥር ማሳለፉን አሳየኋቸው። ለስልሳ ሌሊት የፈራሁት ነገር ይህን ያህል ነበር።

አመሻሹ ላይ እማማ ከጉኑኖ ሲደርሱ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳቸው። ከሚኒባስ ሲወርዱ የተጠቀለለ ጅባ በብብታቸው ይዘዋል፤ ከኮባ የሚሠራውን፣ በገጠር የሚተኙበትን ምንጣፍ ማለቴ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ይስቃሉ። «አልጋዬን ይዤ መጣሁ» አሉኝ። ማታ ጅባውን የት እንደዘረጉት ታውቃላችሁ? መኝታ ቤቴ ደጃፍ ላይ። እዚህ የሚገባ እኔን ረግጦ ነው የሚገባው አሉ፤ ዘመዱ ሁሉ ሳቀ።

እኔ ግን አልቻልኩም። አጠገባቸው በአንድ ጉልበቴ ተንበርክኬ፣ «እማማ፣ በእርስዎ ዕድሜ መሬት ላይ? ያን ጊዜ እንኳ እንደ ንጉሥ ነው ያደርኩት ብለውኝ ነበር» አልኳቸው።

ወደ ዘመዶቹ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ሕይወቴን ሙሉ ጅባ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ ፍራሽ ጭቃ ውስጥ የገባሁ ነው የሚያስመስለኝ፤ ደግሞ ያሞቃል፣ ደግሞ ይንኮሻኮሻል። ሦስቱንም ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። ለጸሎት የተነሳሁ መሰለሽ እንጂ አልተኛሁም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

እማማ ጅባቸውን በእጃቸው እያስተካከሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።